ከማን ኪስ ወጣ

አፍናን ሁለቱን ደረሰኞች ከክምሩ ለይታ በመድን ቢሮዋ መስኮት ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ከምስር መሐል ጠጠር እንደሚለቅም ሰው፣ በጥፍሯ ጫፍ።

«እነዚህ አይያዙም ኦቦ ቀንዓ።»

ቀንዓ ወዲያው አልገባውም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በላስቲክ ያሰራቸውን ደረሰኞች አንድ በአንድ እያቀበላት፣ እሷም በካልኩሌተር እየደመረች፣ ነገሩ ያለ እንከን ሲሄድ ነበር። ሃያ ሦስት ደረሰኝ። የካርድ፣ የደም ምርመራ፣ የመድኃኒት፣ የአልትራሳውንድ። ሁሉም ማኅተም አለው፣ ሁሉም ቀን አለው። በመሥሪያ ቤቱ ንብረት ክፍል አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ሰው ደረሰኝ እንዴት እንደሚያዝ አይነገረውም። ቀንዓ ያለ ፊርማ አንዲት እስክሪብቶ ከመጋዘን አውጥቶ አያውቅም። ኃላፊው አንድ ጊዜ ተቻኩለው የሽንት ቤት ወረቀት በቃል ቢጠይቁት «መጀመሪያ ሞዴል ሃያ ሁለት ይሙሉልኝ» ብሎ እንዳስቆማቸው በአምቦ ቢሮዎች ሁሉ እስከ ዛሬ ይወራል።

«ማኅተም የለውም?»

«አለው።»

«ቀን የለውም?»

«አለው። ከፋዩ ግን እርስዎ አይደሉም።» ደረሰኙን ወደ እሱ አዙራ ጣቷን አሳረፈችበት። ከፋይ በሚለው ቃል ፊት ለፊት፣ ጸሐፊው ቦታ አጥሮት መጨረሻ ላይ ፊደሎቹን እያሳነሰ፣ «ሂርጳ ጉዩ ኦሊቃ» ብሎ ጽፏል።

ሂርጳ የሚስቱ የጃለኔ ታላቅ ወንድም ናቸው።

መድኑን መሥሪያ ቤቱ ለሙከራ ካመጣው ሁለት ዓመቱ ነው። የገባውም ያልገባውም ፈርሟል። ከደመወዝ በየወሩ ይቆረጣል። ሠራተኛው ወይም ቤተሰቡ ሲታመም፣ በበጀት ዓመቱ ውስጥ ስምንት ሺህ ብር እስኪሞላ ድረስ ሠራተኛው ከራሱ ኪስ ይከፍላል። ስምንት ሺህ ከሞላ ግን መድኑ ለሆስፒታሉ የዋስትና ደብዳቤ ይጽፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን በሙሉ ይችላል። በስብሰባው ቀን ያስረዳው ሰውዬ ይህንን «ጣሪያ» ብሎታል። ቀንዓም ያን ቀን ጣሪያ ያለው ነገር በመገኘቱ ደስ ብሎት ነበር። መሰላሉን ማን እንደሚያቀርብ መጠየቅ ትዝ አላለውም።

«ያለ እነዚህ ሁለቱ» አለች አፍናን፣ «አራት ሺህ ስድስት መቶ ሃምሳ ነው የሚሆነው። ከእነሱ ጋር ቢሆን ስምንት ሺህ ሃምሳ ነበር።»

«ታዲያ ከእነሱ ጋር ነዋ!»

«እሱማ ከእርስዎ ኪስ ቢወጣ ነው። መመሪያው ‹ከሠራተኛው ኪስ› ነው የሚለው።»

ቀንዓ በሁለት እጁ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘ። ነገ፣ ሰኔ ሃያ አምስት፣ ጃለኔ የአንገቷ እንቅርት በቀዶ ሕክምና ሊወጣላት ቀጠሮ አላት። እንቅርቱ ከውጭ ሲያዩት ያን ያህል አይደለም፤ ወደ ውስጥ ነው ያደገው፣ የትንፋሽ ቧንቧዋን እየተጫነ። ጃለኔ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ስድሳ ሕፃን በአንድ ጥሪ ጸጥ ታሰኝ የነበረች ሴት፣ ከፋሲካ ወዲህ ፊሽካ ገዝታ ነበር የምታስተምረው። ጋደም ካለች ትታፈናለች፤ ትራስ ደርድራ ተቀምጣ ታሸልባለች። ሐኪሙ «አይቆይ» ብሏል። ሆስፒታሉ ደግሞ ዛሬ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ወይ የዋስትና ደብዳቤ፣ ወይ አርባ ሁለት ሺህ ብር ተቀማጭ ይፈልጋል። ያ ካልሆነ ተራው ለሌላ ይሰጣል፤ የሚቀጥለው ተራ ሐምሌ ሃያ ነው። ሐምሌ ደግሞ አዲስ በጀት ዓመት ነው። ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

«እሺ፣ የጎደለውን ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር እዚሁ ልክፈልሽ።»

«እኛ ብር አንቀበልም። ደረሰኝ ነው የምንቀበለው።»

«ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር የሚያወጣ በሽታ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከየት ላምጣልሽ?»

«ኦቦ ቀንዓ፣ አይቀልዱ እንጂ።»

«እኔ መቼ ቀለድኩ!»

ከኋላው የተሰለፈ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነው። ቀንዓ ዞሮ ገላመጠው፤ ከሰውየው ይልቅ ግን የተናደደው በሂርጳ ነበር፣ ከሂርጳም ይልቅ በራሱ ጉልበት ማነስ። ያን ቀን፣ ለሲቲ ስካንና ለናሙና የሄዱ ዕለት፣ ከግል ምርመራ ማዕከሉ ገንዘብ ተቀባይ ፊት ታግለዋል። እሱ ብሩን ሲዘረጋ ሂርጳ እጁን ጠምዝዘው ወደ ኪሱ መለሱለት፤ «በሞትኩት!» አለ፤ «እኔ ቆሜ?» አሉ። እሱ ገንዘብ ተቀባይዋን «እንዳትቀበያቸው!» አለ፤ እሳቸው በሌላ እጃቸው ብሩን ወርውረውላት ነበር። ጥበቃው ጠብ መስሎት ዱላውን ይዞ መጣ። ኩንታል ድንች በአንድ ትከሻ የሚያነሳ ሰው በእስክሪብቶ ጠባቂ አይሸነፍም። ልጅቷ «ከፋይ ማን ልበል?» ስትላቸው ስማቸውን እስከ አያታቸው ጠሩላት፤ ማን ከፍሎ እንደሆነ መንግሥት ሳይቀር እንዲያውቀው። ይኸው አወቀው።

አፍናን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብድር ከሆነ ይያዛል።»

«ምን?»

«ተበድረው ከሆነ የከፈሉት፣ ብድሩ የእርስዎ ዕዳ ነው። ዕዳዎ ከኪስዎ እንደወጣ ይቆጠራል።» ከመሳቢያዋ አንድ ቅጽ አወጣች። «ኦቦ ሂርጳ አበድሬው ነው ብለው ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርም። ግን በአካል ነው። በስልክ አይሆንም።»

«ጎጆ ከተማ ናቸው እኮ።»

አፍናን የግድግዳውን ሰዓት አየች። ሦስት ሰዓት ከአሥር ይላል። «እስከ አሥራ አንድ አለሁ» አለች፣ እንደ ትልቅ ቸርነት። ቸርነትም ነበር።

ከአምቦ እስከ ጊንጪ አስፋልት ነው። ከጊንጪ ወደ ጎጆ የሚወጣው የጠጠር መንገድ ግን በሰኔ መንገድ ለመባል ብዙ ይቀረዋል። ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ጭቃ ያዘው፤ ሁለት ጊዜም «ወንዶች ውረዱ!» ተባለ። ቀንዓ ቅጹን በፌስታል ጠቅልሎ ከሸሚዙ ውስጥ፣ ከሆዱ ጋር አስሮታል፤ በገፋ ቁጥር ፌስታሉ ይንኮሻኮሻል። እየገፋ የሚለውን ያሰላስላል። «ኦቦ ሂርጳ፣ አንድ ትንሽ ወረቀት ነበረች።» አይ፤ ትንሽ አይደለችም። «ለፎርማሊቲ ያህል ነው።» ሂርጳ ፎርማሊቲ ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ለእሳቸው ሲነገር ልክ የሚመስል ቃል አጣ። ለሃያ ሺህ ዕቃ መለያ ቁጥር የሰጠ ሰው፣ ለዚህች አንዲት ነገር ስም አጣ።

ብርዱ ከጎጆ ቀድሞ ተቀበለው። ሂርጳ ከመጋዘናቸው ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ጎንቁሎ የተዘጋጀ ዘር ድንች ይለያሉ። ባለቤታቸው ድንቅቱ ከጎናቸው ጆንያ ትሰፋለች። ጋሮማ የሚባለው ነጋዴ ጎረቤታቸው ምንም ሳይሠራ በር ላይ ቆሞ ያወራል።

ሂርጳ ገና ሲያዩት ድንቹ ከእጃቸው ወደቀ። «ሶዳ!» አሉ በኦሮምኛ፣ አማቻቸውን ሁልጊዜ እንደሚጠሩት። «ምን ሆነች?»

«ደህና ናት። ኧረ ደህና ናት፣ አይደንግጡ። ነገ ትገባለች።»

«ታዲያ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

ጋሮማ ቀደመው። «የቢሮ ሰው በዚህ ጭቃ ጎጆ ድረስ ከመጣ ወይ መርዶ ነው ወይ ፊርማ። መርዶ ካልሆነ እንግዲህ…»

ቀንዓ ጋሮማን በጭቃው ውስጥ ሊያጠልቀው ተመኘ። ፌስታሉን ከሆዱ አወጣ። በመንገድ ሙሉ ሲያሳምረው የመጣው ንግግር ሁሉ ጠፋበትና፣ ነገሩን እንዳለ፣ አፍናን እንደነገረችው ዘረገፈው፤ ጣሪያውን፣ ኪሱን፣ ደረሰኙን፣ ሐምሌን። ሂርጳ ቅጹን ተቀብለው ከዓይናቸው አርቀው አነበቡት። አፋቸው እያንዳንዱን ቃል ሲቀምስ ይታያል።

«ማን ነው ያበደረው?»

«እርስዎ።»

«ለማን?»

«ለእኔ።»

«ለጃለኔ መታከሚያ።»

«አዎ።»

«እኔ ለጃለኔ አበድሬ አውቃለሁ?»

 ድንቅቱ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ ቀና አለች። «የእኛ ስጦታ ማኅተም የለውማ! ለከተማ አይሆንም!»

«ኧረ እቴቴ ድንቅቱ፣ እኔ እኮ አይደለሁም፣ መመሪያው ነው።»

«መመሪያው ማን ነው? ይምጣና ይጠይቀኝ» አሉ ሂርጳ። ድምፃቸው ከፍ አላለም፤ ፊታቸው ነበር የቀላው። «አባታችን ሲሞት እሷ የአራት ዓመት ልጅ ናት። እሷ እንድትማር ብዬ እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ ከበሬ ኋላ ገባሁ። እሱንም አበደርኩ በላ! ለእሱም ቅጽ አምጣ! ሰባተኛ ክፍል ስንት ብር ነው የሚያወጣው በመመሪያችሁ?»

ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ በረታ። 

«ካልፈረምኩስ?» አሉ ሂርጳ።

«ተራዋ ያልፋል። ወይም አርባ ሁለት ሺህ ብር ዛሬ ማስያዝ ነው።»

«አርባ ሁለቱን እኔ አመጣለሁ።»

«ኦቦ ሂርጳ…»

«ሁለቱ በሬዎች አሉ። ያወጣሉ።»

«በምን ልታርስ? በእኔ?» አለች ድንቅቱ።

«ገበያ ደግሞ ቅዳሜ ነው» አለ ጋሮማ በቀስታ። «ዛሬ በሬ የሚገዛህ የለም።»

ቀንዓ ሂርጳን አያቸው፤ እሳቸው ደግሞ ድንቹን። ሦስት ሺህ አራት መቶ ብር አበደርኩ ብሎ ከመፈረም ሁለት በሬ መሸጥ የሚቀላቸው ሰው ናቸው፤ ይህ ደግሞ ለጉራ አለመሆኑ ነበር ቀንዓን ያናደደው። ለጉራ ቢሆን ይጮህባቸው ነበር። ሊጮህም ዳድቶታል፤ በእሳቸው ላይ፣ በአፍናን ላይ፣ ጣሪያ ብሎ ባስረዳው ሰውዬ ላይ፣ እጅን ጠምዝዞ ካልከፈለ ወንድም የሆነ በማይመስለው አገር ሁሉ ላይ። ሰዓቱን አየ። ስድስት ተኩል።

«እጅዎን ብቻ ነው የሚፈልጉት» አለ። «ልብዎን ማንም አልጠየቀም። እኔና እርስዎ እናውቀዋለን፣ ስጦታ ነው። ወረቀቱ ይዋሽ።»

ሂርጳ ቀና አሉ። «እኔ የምእመናን ሽማግሌ ነኝ፣ ሶዳ። እሑድ ከሰው ፊት የምቆም ሰው ነኝ። ስሜ ያለበት ወረቀት አይዋሽም።»

ተነሡ። ወደ መጋዘኑ ጨለማ ገቡና ብዙ ቆዩ። ቀንዓ ነገሩ ያለቀ መስሎት ቅጹን መልሶ ወደ ፌስታሉ ሊከት ሲል እስክሪብቶ ይዘው ወጡ።

«እንግዲያው እውነት ይሁን።»

«ምኑ?»

«ብድሩ። ሰጥቼ ነበር፤ ስጦታዬን መልሼ ወሰድኩ። ከዛሬ ጀምሮ አበድሬሃለሁ። ትመልስልኛለህ። እንዲያ ከሆነ እፈርማለሁ።»

ጋሮማ ቀልድ መስሎት መሳቅ ጀመረ፤ የሂርጳን ፊት አይቶ መሐል ላይ አቆመው።

«እመልሳለሁ» አለ ቀንዓ።

«እዚህ ጋ የመመለሻ ቀን ይላል።»

«እርስዎ እንዳሉ።»

ሂርጳ ጣሪያውን አዩ፤ ወራቱን እዚያ የሚቆጥሩ ይመስል። «መስከረም ሠላሳ» አሉና ራሳቸው ጻፉት። ፊደላቸው ትልልቅና ቀጥ ያለ፣ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆመ የተማሪ ጽሑፍ ነው። ፈረሙ። ጋሮማ በምስክርነት ፈረመ። ድንቅቱ እስክሪብቶውን ተቀብላ፣ «በእኅቱ ሕመም ሲያበድር አይቻለሁ ብዬ ነው የምፈርመው?» አለች ለማንም ሳይሆን፤ ፈረመች።

ቀንዓ «እግዜር ይስጥልኝ» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ላበዳሪ ምን እንደሚባል አያውቅም ነበር። ሂርጳ እስከ መኪናው ሸኙት፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት። ወትሮ በዚህች ሰዓት ግማሽ ኩንታል ድንች «ለልጆቹ» ተብሎ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ይጫን ነበር፤ እሱም «ኧረ በዛ» ይል ነበር። ዛሬ አልተጫነም። እጃቸውን ጃኬታቸው ኪስ ውስጥ ከትተው፣ መኪናው እስኪነቃነቅ ዝናቡ ላይ ቆሙ።

አሥር ሰዓት ከሃምሳ ላይ አምቦ ገባ። አፍናን ቦርሳዋን አንግታ መስኮቱን ልትዘጋ ነበር። እስከ ጉልበቱ ጭቃ መሆኑን አየችና ተመልሳ ተቀመጠች። ቅጹን ተቀበለች፣ ፊርማዎቹን ቆጠረች፣ ከሁለቱ ደረሰኞች ጋር በስቴፕለር መታችው። የመመለሻውን ቀን አላነበበችውም፤ ማንበብ አይጠበቅባትም። የዋስትና ደብዳቤውን አትማ፣ ማኅተሙን አሳርፋ አቀበለችው።

«ሞልቷል ኦቦ ቀንዓ! እንዲያውም ሃምሳ ብር አልፏል።»

«ሃምሳዋ ትመለሳለች?»

«አትመለስም» አለች፤ ከዚያ መሳቅ እንዳለባት አወቀችና ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ደብዳቤውን እየሮጠ ማዶ ላለው ሆስፒታል አድርሶ ቤት ሲገባ ጃለኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለነገ ቦርሳ ታዘጋጃለች። ጋቢ፣ ፔርሙስ፣ ነጠላ ጫማ። የምትናገረው በየሦስት ቃሉ አርፋ ነው።

«አለቀ» አላት። «ገብተሻል። መድኑ ሙሉውን ይችላል።»

«ሰማሁ። ወንድሜ ደውሎ ነበር።»

ቀንዓ ጫማውን እየፈታ ነበር፤ ገመዱ ላይ እጁ ቆመ። «ምን አሉሽ?»

«ስለ ወረቀቱ ምንም።» አረፈች። «ነገ አልመጣም አለ።»

«ለምን?»

«‹ከመጣሁ እጄ አያርፍም› አለ። ‹ደግሞ ከፍዬ ሌላ ጥፋት እሠራለሁ፤ እዚሁ ሆኜ ልጸልይ› አለ።»

«ኧረ አሁን እኮ ሞልቷል! ቢከፍሉም ባይከፍሉም ለውጥ የለውም! ደውይና ንገሪያቸው!»

«ነገርኩት። ‹ለእኔ አይገባኝም› አለ።»

 ቀኑን ሙሉ በቀንዓ ላይ ሲመላለስ የዋለው ንዴት የሚያርፍበት ሰው አጥቶ ደረቱ ላይ ቀረ። ጃለኔ ጋቢውን አጣጥፋ፣ መልሳ ዘርግታ፣ እንደገና አጣጠፈችው።

«ሁለቱን ልጆች ስወልድ እሱ ነበር በር ላይ የቆመው» አለች። «ድምፁን እሰማው ነበር። ነርሶቹን ሲያስቸግር።»

«እኔ አለሁ አይደል?»

ቀና ብላ አየችው። በክፋት አልነበረም፤ የደከመው ሰው እውነቱን ሲናገር የሚያየው አስተያየት ነበር።

«አንተማ የክፍያው መስኮት ጋ ትሆናለህ።»

የቦርሳው ዚፕ አልዘጋ አላት። ቀንዓ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ሆኖ መጣና ቦርሳውን ከሁለት ጎን ገጥሞ ያዘላት፤ እሷ ትንፋሿን ይዛ ጎተተችው።